ጥርስ ማጽዳትን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረጉት ሐኪም፦ አልፍሬድ ሲቪሊዮን ፎንስ (1869–1938)

ጥርሱን ለማሳጠብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ሕመም፣ ደምና የመሣሪያ ጩኸት ነው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚገጥመው ግን በቅደም ተከተል የሚከናወን፣ ቀስ ያለ የእጅ ሥራ ነው። በቅድሚያ ስላለበት በሽታና ስለሚወስደው መድኃኒት ይጠየቃል፤ ቀጥሎ አፉ በትንሽ መስታወት ይታያል፤ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ጥልቀት በቀጭን መለኪያ ይለካል። ከዚያም ከጥርሱ ላይ የደረቀው ታርታር ይፈቀፈቃል፤ ጥርሱ ይወለወላል፤ በየጥርሱ መካከል ክር ይገባል፤ እንደ ሁኔታው ፍሎራይድ ይቀባል። በመጨረሻም ብሩሽ እንዴት እንደሚያዝ ምክር ተሰጥቶት ይሰናበታል። ከባድ የድድ ሕመም ለሌለበት ሰው ይህ ሁሉ በአብዛኛው ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

ይህን ሥራ በብዙ አገሮች የሚያከናውነው የጥርስ ሐኪሙ ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ የሠለጠነ የጥርስ ንጽህና ባለሙያ ነው። ሙያው ከመቶ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ጅማሬው በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በብሪጅፖርት ከተማ በነበሩ አንድ የጥርስ ሐኪም የሥራ ቦታ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዶክተር አልፍሬድ ሲቪሊዮን ፎንስን ሕይወት በመከተል፣ ማጽዳት ከጥርስ ሕክምና ተለይቶ እንዴት ሙያ እንደሆነና ከእሳቸው ተስፋ ውስጥ የትኛው በጊዜ ፈተና እንደጸና ይዳስሳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የአባትና የልጅ ሙያ

ፎንስ የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1869 በብሪጅፖርት ነው። ከተማዋ ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ምሥራቅ በባሕር ዳርቻ የምትገኝ፣ በፋብሪካዎቿ የታወቀችና ከአውሮፓ የፈለሱ ሠራተኞች በብዛት የሰፈሩባት ነበረች። አባታቸው ሲቪሊዮን ፎንስም የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ በ1880ዎቹም የከተማዋ ከንቲባ ሆነው አገልግለዋል። የአባትየው ሹመት ለልጅየው ታሪክ ትርጉም የሌለው ነገር አይደለም። ፎንስ በኋላ ሕግ ለማስለወጥና የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር ለማሳመን ሲነሡ፣ ከተማዋ ስማቸውን አስቀድማ ታውቀው ነበር።

ወጣቱ ፎንስ በ1890 ከኒው ዮርክ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው ከአባታቸው ጋር መሥራት ጀመሩ። የዘመኑ የጥርስ ሕክምና ክብር በጥገና ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የተቦረቦረን ጥርስ በወርቅ መሙላት፣ አክሊል ማልበስ፣ የጎደለውን በድልድይ ማገናኘት፣ ያልሆነውን መንቀል። ጥርስ ማጽዳት ሲገኝ የሚሠራ፣ ሲታለፍም ማንም የማይጠይቅበት ጥቃቅን ጉዳይ ነበር። የሚገርመው፣ ለዚህ አሠራር መለወጥ የሚያስፈልገው ሳይንሳዊ መሠረት በዚያው ፎንስ በተመረቁበት ዓመት መጣሉ ነው። በበርሊን ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር፣ በአፍ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከምግብ የሚያገኙትን ስኳርና ስታርች ወደ አሲድነት እንደሚለውጡና ጥርስን የሚቦረቡረውም ይኸው አሲድ መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፋቸውን በ1890 አሳተሙ። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ግልጽ ነበር። ጉዳቱ የሚጀምረው ከጥርሱ ውጭ ከሆነ፣ ሐኪሙ ጉድጓዱ እስኪፈጠር ለምን ይጠብቃል?

የፊላደልፊያው ትምህርት

ይህን ጥያቄ በተግባር የመለሱት የፊላደልፊያው ዶክተር ስሚዝ ነበሩ። ስሚዝ ታካሚዎቻቸውን በየወሩ ገደማ እየጠሩ ጥርሳቸውን በእጅ መሣሪያ ያጸዱ፣ ከዚያም ፑሚስ በተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄትና ጫፉ በተሳለ የብርቱካን እንጨት ይወለውሉ ነበር። ፎንስ በ1890ዎቹ መጨረሻ ስሚዝ ስለ አሠራራቸው በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ያቀረቡትን ንግግር ሰሙ፤ ወደ ፊላደልፊያም ተጉዘው የታካሚዎቹን አፍ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ታካሚዎች በዚሁ ዘዴ ለዓመታት ተከታተሉ። ውጤቱን በማየታቸው በጉዳዩ ላይ የነበራቸው እምነት እየጠነከረ ሄደ።

ሆኖም አንድ የሒሳብ ችግር ገጠማቸው። አንድን አፍ በጥንቃቄ ማጽዳት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሐኪሙ ቀኑን በማጽዳት ከዋለ የሚሞላው ጥርስ ይቆያል፤ በመሙላት ከዋለ ማጽዳቱ ይቀራል። በዚያ ላይ የሐኪም ጊዜ ውድ በመሆኑ፣ በየወሩ ለመጽዳት የሚችለው ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ይሆናል። ስሚዝ ያሳዩት ዘዴ በስሚዝ እጅ ብቻ እስካለ ድረስ የጥቂት ሀብታሞች ዕድል ሆኖ መቅረቱ ነበር። የፎንስ ልዩ አስተዋጽኦም እዚህ ላይ ነው፤ ማጽዳትን የፈለሰፉ ሰው አይደሉም፤ የጥርስ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሊማረውና ሊሠራው እንደሚችል ግን አሳይተዋል።

የአይሪን ኒውማን እጅ

ፎንስ ለዚህ የመረጡት የአጎታቸው ልጅና የወንበር ዳር ረዳታቸው የነበሩትን አይሪን ኒውማንን ነው። በ1906 ስለ ጥርስ አፈጣጠርና ስለ ድድ በሽታ ያስተምሯቸው ጀመር፤ ኒውማንም መጀመሪያ በተነቀሉ ጥርሶች ላይ እየሠሩ እጃቸውን አፍታቱ። መሣሪያውን ከድዱ ጠርዝ በታች በምን ያህል ዘንግ ማስገባት እንደሚገባ፣ ታርታሩን ሳይሰብሩ ከሥሩ እንዴት ማንሣት እንደሚቻል፣ የጥርሱን ሥር ሳይፍቁ የት ላይ ማቆም እንደሚያስፈልግ በዚህ መንገድ ተማሩ። በተከታዩ ዓመት በፎንስ ክሊኒክ የታካሚዎችን ጥርስ ማጽዳት ጀመሩ።

ዛሬ ቀላል የሚመስለው ይህ እርምጃ በጊዜው ድፍረት ነበር። ሹል ብረት ወደ ሰው አፍ ማስገባት የሐኪም ብቻ ሥልጣን ነበር፤ ያልተመረቀ ሰው ይህን ማድረግ ከጀመረ የት ላይ ይቆማል የሚለው ሥጋትም ከንቱ አልነበረም። የጥርስ ሐኪምነት ራሱ ከፀጉር አስተካካዮችና በየገበያው ጥርስ ከሚነቅሉ ሰዎች ተለይቶ የተከበረ ሙያ ለመሆን ብዙ ታግሎ ነበርና፣ በሩ እንደገና እንዳይከፈት መጠንቀቁ የሚጠበቅ ነው። በ1907 የኮኔቲከት የጥርስ ሕክምና ሕግ ሲሻሻል ፈቃድ የሌላቸው ረዳቶች የሐኪምን ሥራ እንዳይሠሩ ተከለከሉ፤ ነገር ግን ጥርስ ማጽዳት ከክልከላው ውጭ ሆነ። አጻጻፉ ለማጽዳት ሥራ ያለውን ንቀት ባይሰውርም፣ የኒውማን ሥራ በሕግ ጥላ ሥር እንዲገባ ያደረገው ይኸው አንቀጽ ነበር።

የሌላ ግዛት ታሪክ ይህ በር ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ያሳያል። በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ የሚገኝ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በ1910 ሴቶችን ለተመሳሳይ ሥራ ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። የግዛቱ የጥርስ ሐኪሞች በርትተው ስለተቃወሙት ግን ሥልጠናው በ1914 ተቋረጠ። ተመራቂዎቹም የተማሩትን የሚሠሩበት ሕጋዊ ቦታ አላገኙም።

በሠረገላ ማደሪያ ውስጥ የተከፈተ ትምህርት ቤት

ፎንስ የሥራ ቦታቸው ጓሮ የነበረውን የሠረገላ ማደሪያ ወደ መማሪያና ክሊኒክነት አስለውጠው፣ በኅዳር 17 ቀን 1913 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበሉ። ከተማሪዎቹ መካከል የትምህርት ቤት መምህራን፣ ነርሶች፣ የጥርስ ሐኪም ረዳቶችና የሐኪሞች ባለቤቶች ይገኙ ነበር። ትምህርቱ ስለ ሰውነት አሠራር፣ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ስለ ቁስለትና ብግነት፣ ስለ አመጋገብና ስለ ግል ንጽህና የሚሰጠውን ሁሉ ያጠቃልል ነበር። መምህራኑም ቀላል ሰዎች አልነበሩም፤ የየልና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎችን ከመሰሉ ተቋማት የመጡ ምሁራን ወደዚያ ጓሮ እየተመላለሱ አስተምረዋል። በሰኔ 1914 መጀመሪያ 27 ሴቶች ተመረቁ።

ለሙያው የተሰጠው ስምም የፎንስ ምርጫ ነው። በዘመኑ ይነገር የነበረው «የጥርስ ነርስ» የሚለው መጠሪያ ነበር። ፎንስ ግን ነርስ የሚለው ቃል ሕመምን ስለሚያስታውስ ተመራቂዎቻቸው በሽታን የሚያስታምሙ ሳይሆን ጤናን የሚጠብቁ እንዲባሉ ፈለጉ። ስለዚህም ጤናን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል የተገኘውን «ሃይጂኒስት» የሚለውን ስም ሰጧቸው።

ሙያው ለሴቶች ብቻ እንዲሆን መወሰናቸው ግን በሁለት በኩል የሚታይ ነው። ፎንስ ወንዶች በዚህ አንድ ሥራ ተወስነው መኖር አይበቃቸውም፤ ሴቶች ግን ይጸኑበታል የሚል እምነት ነበራቸው። በአንድ በኩል ይህ እምነት በዚያ ዘመን ጥቂት አማራጭ ብቻ ለነበራቸው ሴቶች ዕውቀት የሚጠይቅና በሕግ የተጠበቀ ሥራ ከፍቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ሙያው ከመነሻው በወንድ ሐኪም ሥር እንዲተከል፣ ወደ ላይም የሚያድግበት መሰላል እንዳይኖረው አድርጓል። የሐኪሞቹን ተቃውሞ ያለዘበውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ለሐኪሙ ተፎካካሪ የማትሆን ሠራተኛ በኦሃዮ የተነሣውን ዓይነት ሥጋት አትቀሰቅስም ነበርና። በአሜሪካ ወንዶች ወደ ሙያው መግባት የጀመሩት በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው።

በሦስት ዙር በድምሩ 97 ባለሙያዎች ከሠለጠኑ በኋላ የፎንስ ክሊኒክ ማስተማሩን አቆመ። በ1916 በኒው ዮርክ፣ በቦስተንና በሮቸስተር ተመሳሳይ ሥልጠናዎች ስለተጀመሩ ጓሮው ድርሻውን ተወጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ፎንስ ለሥልጠናው የተዘጋጁትን ትምህርቶች ስለ አፍ ንጽህና በሚያወሳ የመማሪያ መጽሐፍ አሰባስበው አሳተሙ። ኮኔቲከት በ1915 የሙያውን የሥራ ወሰን በሕግ የደነገገች ሲሆን፣ በ1917 አይሪን ኒውማን በዓለም የመጀመሪያውን የጥርስ ንጽህና ባለሙያ ፈቃድ ተቀበሉ። ሕጉ ባለሙያዋ ታርታርንና ሌላ ክምችትን እንድታስወግድ ይፈቅድላት ነበር፤ የታመመ ጥርስን ማከም ግን የሐኪሙ ሥራ ሆኖ ቆየ። ዛሬም ጥርሱን የሚያሳጥብ ሰው በብዙ አገሮች የተቦረቦረ ጥርስ ሲገኝበት ባለሙያዋ አሳይታው ወደ ሐኪሙ የምትመራው በዚህ የሥራ ወሰን ምክንያት ነው።

በክፍል ውስጥ የተደረገው ሙከራ

ፎንስ ክሊኒካቸውን ሲከፍቱ ዋና ዓላማቸው የግል ታካሚዎችን ማገልገል አልነበረም። ለዓመታት ሲጎተጉቱ የኖሩት ማጽዳቱ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲገባ ነው። ጥያቄያቸው በመጨረሻ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ከ1914 ጀምሮ ከተመራቂዎቹ አንዳንዶቹ በብሪጅፖርት ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ። የሚታጠፍ ወንበራቸውንና መሣሪያቸውን ይዘው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየተዘዋወሩ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ሕፃናትን ጥርስ ያጸዱ፣ የእያንዳንዱን ልጅ አፍ ሁኔታ በሰንጠረዥ ይመዘግቡ ነበር። በየክፍሉም ልጆቹ ብሩሽ ይዘው ተሰልፈው ልክ እንደ ስፖርት በትእዛዝ ይቦርሹ ነበር። ፎንስ ያስተማሩት ጥርስን ገጥሞ ብሩሹን በሰፊ ክብ የማዞር ዘዴ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ለትንንሽ ልጆችም ቀላል በመሆኑ ይመከራል።

ለአምስት ዓመት ያህል ከተከታተሉ በኋላ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለፉትን ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር በማነጻጸር የጥርስ መቦርቦር በጉልህ መቀነሱን ዘገቡ። ክፍል የሚደግሙ ልጆች ቁጥር እንደቀነሰም በመጥቀስ የከተማዋን አስተዳደር ስለ ወጪው ለማሳመን ተጠቅመውበታል። ይህ ንጽጽር በዛሬው መስፈርት ሲታይ ድክመት አለበት። በእነዚያ ዓመታት ብሪጅፖርት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመሣሪያ ምርት ምክንያት ሕዝቧም ኑሮዋም በፍጥነት የተለወጠባት ከተማ ነበረች፤ ስለዚህ የተነጻጸሩት ልጆች የሚለያዩት በጥርስ ጽዳት ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ከዚህ በላይ ግን ማጽዳቱ፣ ብሩሹና የአመጋገብ ትምህርቱ አንድ ላይ በመሰጠታቸው ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ከመዝገቡ መለየት አይቻልም። የሙያው የኋላ ታሪክ ግማሹ ይህንኑ ለመለየት የተደረገ ጥረት ነው ማለት ይቻላል።

የፎንስን ዘመን እምነት ያጋነነ ሌላም ምክንያት ነበር። በ1910 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር በሞንትሪያል ባደረጉት ንግግር የአፍ ቁስለት ለብዙ የሰውነት በሽታ ምንጭ መሆኑን ከተናገሩ በኋላ፣ ያልጸዳ አፍ የመላ አካል ጠላት ተደርጎ መታየት ጀመረ። ይህ አስተሳሰብ የጥርስ ንጽህናን ከመዋቢያነት ወደ ሕዝብ ጤና ጉዳይነት አሳደገው፤ ፎንስም ተጠቅመውበታል። ይሁን እንጂ በዚያው አስተሳሰብ ሰበብ ሌሎች ሐኪሞች ብዙ ጤነኛ ጥርሶችን እስከ መንቀል ደርሰዋል። በዚያ መልኩ የቀረበው መላምት ከጊዜ በኋላ ተቀባይነቱን አጥቷል።

ከፎንስ በኋላ የጸናውና የተለወጠው

ዶክተር ፎንስ በመጋቢት 1938 አረፉ። የአሜሪካ የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎች ማኅበር ከተመሠረተ በዚያን ጊዜ 15 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1949 በብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የጥርስ ንጽህና ትምህርት ቤትም በስማቸው ተሰየመ።

ካስተማሩት ውስጥ በጣም የጸናው የዕለት ተዕለት ንጽህናን የሚመለከተው ክፍል ነው። በ1965 ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉም ድዳቸው ተቆጣ፤ ማጽዳት እንደገና ሲጀምሩ ግን ድዱ በቀናት ውስጥ ወደ ጤንነቱ ተመለሰ። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ለስላሳ ሽፋን፣ ማለትም ፕላክ፣ የድድ ብግነት መንሥኤ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ፕላኩ ሳይነሣ ሲቀር ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን ጠንክሮ ታርታር ይሆናል፤ ታርታር ደግሞ በብሩሽ አይለቅም። የባለሙያ እጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ፎንስ በየወሩ ገደማ እንዲደረግ የፈለጉት የባለሙያ ጽዳት ግን እንደዚሁ አልጸናም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝን ተቋም በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ከባድ የድድ በሽታ የሌለባቸውና ሐኪም ዘንድ አዘውትረው የሚታዩ አዋቂዎች በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ መጽዳታቸው በሁለትና በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በድድ ጤና ላይ ያመጣው ልዩነት ጥቂት ወይም ምንም እንደሆነ አመልክቷል። ይህ ማለት ታርታር የበዛበት፣ ድዱ የሚደማ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማጽዳት አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ የቀጠሮው ርቀት በእያንዳንዱ ሰው አፍ ሁኔታ መወሰን አለበት እንጂ። የጥርስ መቦርቦርን በመቀነስ በኩል ደግሞ ትልቁን ሥራ የሠራው ፎንስ ገና ያላወቁት ፍሎራይድ ነው።

በመሣሪያ በኩል፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በድምፅ ሞገድ የሚንቀጠቀጥና ውሃ የሚረጭ መፈቅፈቂያ ከእጅ መሣሪያው ጎን ተሰልፏል። ብዙ ሰው የሚፈራው ጩኸት የዚህ መሣሪያ ነው። የእጅ መሣሪያው ግን አልቀረም፤ ማሽኑ ካለፈ በኋላ ባለሙያው በጣት ስሜት የቀረውን ሸካራ ቦታ እየፈለገ ያለሰልሳል። ድዱ የተቆጣ ሰው ሲጸዳ መድማቱ የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ቀናትም ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሱን ሊነዝረው ይችላል። በእኛም አገር ማሳጠብ ጥርስን ያሳሳል፣ ክፍተትም ይፈጥራል የሚል ሥጋት ይሰማል። የሥጋቱ መነሻ ታርታሩ ለዓመታት ሞልቶት የነበረው ቦታ ሲጸዳ ባዶ ሆኖ መታየቱና፣ ከሥሩ የሸሸው ድድ መገለጡ ነው። ክፍተቱ ቀድሞም የነበረ ሲሆን የተነሣው መሙያው ብቻ ነው።

ፎንስ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት የአሠራር ቅደም ተከተልም ብዙ አልራቀም፤ መመርመር፣ መመዝገብ፣ መፈቅፈቅ፣ መወልወል፣ ከዚያም ማስተማር። ከእነዚህ ውስጥ እሳቸው ትልቁን ቦታ የሰጡት ለመጨረሻው ነበር። በብሪጅፖርት ትምህርት ቤቶች የተሰማሩት ሴቶች የአንዱን ልጅ አፍ አጽድተው ሲጨርሱ ወንበሩን ለሚቀጥለው ከመልቀቁ በፊት ብሩሹን በእጁ አስይዘው የተማረውን እንዲያሳያቸው ያደርጉት ነበር።